ደርቭላ ዝም ያለችበት ቀን

ከሆቴሉ በር ፊት ለፊት የተቃዋሚዎች ድንኳን ከተተከለ ወዲህ፣ ከደብሊን ርቃ ከምትገኘው ከባሊናሮ መንደር ሰው በዚያ በር በየቀኑ የምታልፈው ፖስተኛዋ ደርቭላ ብቻ ነበረች።

«ቁሚ! መታወቂያ!» ይሏታል፣ በርሜል ውስጥ ባነደዱት እሳት ዙሪያ የተቀመጡት ተቃዋሚዎች።

«መታወቂያዬ እዚያ ጋ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል» ትላለች የአረንጓዴ መኪናዋን መስኮት ዝቅ አድርጋ።

ሻይ የሚጠጣው አባቷ ፊንታን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሆቴሉ አትክልተኛ ነበር። ሠርጉን የደገሰው እዚያ ነው፤ ሚስቱን የቀበረ ዕለትም ለቀስተኛውን ያበላው እዚያው። ባለቤቶቹ ሆቴሉን ለጥገኝነት ጠያቂዎች ማደሪያ ሲያከራዩት ማንም አልነገረውም፤ እንደማንኛውም ሰው ከጋዜጣ ላይ አነበበ። የመንደሩ ሐኪም ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ምትክ አልተላከም። አሁን ደግሞ ሰማንያ ሰው በአንድ ሳምንት መጣ።

«በልጆቹ ላይ ቂም የለኝም» ይላል ፊንታን ለጠየቀው ሁሉ። «ግን ሰው ቤቱን ሲወስዱበት እንኳ በሩ ይንኳኳለታል።»

ደርቭላ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። ስለ ተቃውሞው ሲያነሱባት «እኔ ደብዳቤ ነው የማድለው» ብላ ታልፋለች። እንዲህ ማለቱ ለጊዜው አዋጥቷት ነበር።

የመጋቢት ነፋስ አንድ ቀን ልክ ሆቴሉ ደጅ ላይ ስትደርስ ከእጇ ላይ ደብዳቤዎቹን ነጠቃት። ፖስታዎቹ እንደ እርግብ በሣሩ ላይ ተበተኑ። ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ረጅም ሰው ከደረጃው ዘሎ ወርዶ ያሯሩጣቸው ጀመር። የመጨረሻውን ለመያዝ የሮዝ አበባ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ፣ እጁ ተቧጭሮ ተመለሰ።

«ደምህ ፖስታው ላይ ፈሰሰ እኮ!» አለችው።

«ለማን ነው?»

«ለቄሱ።»

«ሥራ አገኘሁ ማለት ነው» አለ በጣም ኮስተር ብሎ። «ቄሱ በሙስሊም ደም የታተመ ደብዳቤ ሊደርሳቸው ነው።»

ደርቭላ ሳቀች። ሳቋ ድንኳኑ ድረስ ይሰማ እንደሆነ አስባ ወዲያው አፏን ያዘች። እሱም አያት፤ ዓይኑን ወደ በሩ ልኮ መለሰ።

ስሙ ሙዕተሲም ይባላል። ሱዳን ውስጥ፣ በኤል ኦቤይድ ከተማ፣ መሬት ለኪ ነበር። ጦርነቱ ሲደርስ ከመለኪያ መሣሪያው ሌላ ይዞት የሚወጣው ነገር አልነበረውም፤ እሱንም ድንበር ላይ ወሰዱበት። አሁን የሚጠብቀው አንድ ደብዳቤ ነው፦ ተቀበልንህ ወይም አልተቀበልንህም የሚለውን።

ከዚያ ቀን በኋላ በየማለዳው ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

«ዛሬስ?»

«ዛሬም የለም።»

ይህች ምልልስ የሰላምታቸውን ቦታ ያዘች። ውሎ አድሮ ግን ደርቭላ «የለም» ስትል የእሱ ፊት እንደማይጨልም አየች። እሷም ብትሆን ደብዳቤው ባይመጣ ደስ እንደሚላት አወቀችና በራሷ ላይ ተቆጣች። ደብዳቤው ሲመጣ ይሄዳላ!

እሑድ እሑድ ከአለቱ ማዶ ባለው የባሕር ዳርቻ ብቻዋን መንሸራሸር ልማዷ ነበር። አንድ እሑድ እዚያው አገኘችው። ጎን ለጎን ሄዱ።

«ስትሄድ ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል። ትጸልያለህ?»

«እርምጃዬን እቆጥራለሁ። መሬት የለካ እግር ልማዱን አይተውም።»

«ስንት ደረስክ?»

«አሁን ስታናግሪኝ ጠፋብኝ።»

«ይቅርታ።»

«አይ፣ ደግ አደረግሽ። የምቆጥረው ሌላ ነገር እንዳላስብ ነው።»

በሦስተኛው እሑድ እጇን ያዘ። እሷ ናት የያዘችው ቢባልም አያስዋሽም።

የሚያስቀው ነገር፣ ሙዕተሲም ከፊንታንም ጋር ተዋውቆ ኖሯል። ሥራ ፈትቶ የሆቴሉን ሮዝ ሲገርዝ፣ ፊንታን ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አላስችል አለው።

«አንተ ቢጫው! ልትገድለው ነው እንዴ? ከቡቃያው በላይ ሰያፍ አድርገህ ቁረጠው!»

«እንዲህ ጌታዬ?»

«ጌታዬ አትበለኝ። አዎ፣ እንዲህ።»

ከዚያ በኋላ ፊንታን በየቀኑ ወንበሩን ወደ አጥሩ ጠጋ እያደረገ፣ በአንድ እጁ የተቃውሞ ሰሌዳውን ይዞ በሌላው የቱ ቅርንጫፍ እንደሚቆረጥ ያሳየው ነበር። ማታ ራት ላይ «ያ ልጅ እጁ ጥሩ ነው» አለ አንድ ቀን። ደርቭላ ሹካዋን አስቀመጠች። ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ «ድንቹ ጨው አንሶታል» ብላ ዘጋችው።

«ለአባትሽ መቼ ነው የምትነግሪው?» አላት ሙዕተሲም።

«ከፋሲካ በኋላ።»

«ፋሲካ እኮ አለፈ።»

«ትንሽ ታገሠኝ። አንተ መንደር አታውቅም።»

«መንደር አላውቅም?» አለና ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም።

የእናቷ ሙት ዓመት እሑድ ቀን ዋለ። ደርቭላ ያን ዕለት ዳርቻው ላይ ስለ እናቷ ስታወራ ዕንባዋ መጣ። ሙዕተሲም ክንዷን ይዞ ወደ ራሱ አስጠጋት። ካፊያ ነበርና የካፖርቷ ቆብ ፊቷን ሸፍኗል። ከገደሉ አናት ላይ ሆና ይህን ያየች አንዲት ሴት ነበረች፦ ኑዋላ፣ የእናቷ ጓደኛ፣ ለደርቭላም የክርስትና እናቷ። ኑዋላ ክፉ ሴት አይደለችም። ያየችውን ነው የተናገረችው። ያላየችውን ሰው ሞላላት።

እስከ ረቡዕ ድረስ ወሬው ጺም አብቅሎ ነበር። አንድ የሆቴሉ ሰው አንዲት ሴት ጎትቷል፤ አይ፣ ደብድቧል፤ ኧረ ከዚያም ብሷል፣ ሴትየዋ ግን አፍራ ተደብቃለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰበሰበ። ደርቭላ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች። ኑዋላ ተነሣች።

«በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት! ቢጫ ካፖርት የለበሰ ረጅም ሰው ክንዷን ይዟታል፤ እሷ ታለቅሳለች። ተሸፋፍና ስለነበር ማንነቷን አልለየሁም። ከገደሉ እስክወርድ የሉም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። የመንደሩ ፖሊስ ጣቢያ ሳጅን እጁን አነሣ።

«ሴትየዋ እዚህ ካለች፣ ወይም የምታውቋት ካላችሁ፣ በጆሮዬ ንገሩኝ። ከሷ አፍ ሳንሰማ ምንም አንልም።»

ፊንታን ከወንበሩ ብድግ አለ። በስብሰባ ላይ ተናግሮ አያውቅም ነበር።

«ያንን ልጅ አውቀዋለሁ» አለ። «ቢጫ ለባሹን። ሮዝ አስተምሬዋለሁ። በዚህ አፌ ልጁ ጥሩ ነው ብያለሁ። የማናችሁ ልጅ እንደሆነች አላውቅም፤ የኔ ብትሆን ግን...» ሳይጨርሰው ተቀመጠ። የደርቭላን እጅ ፈልጎ ያዘ።

አሁን መነሣት ነበረባት። «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነው። «እኔ ነኝ፤ የማለቅሰው ስለ እማዬ ነበር፤ ሰውየው የምወደው ሰው ነው።» ዙሪያዋን አየች፤ ያጠመቃት ቄስ፣ ያስተማሯት መምህር፣ በየበራቸው ደብዳቤ የምታደርስላቸው ሰዎች። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር የሚያዩት።

ስብሰባው ሲያልቅ ለሳጅኑ ብቻዋን ትነግረዋለች። አዎ፣ እንዲያ ይሻላል አለች በልቧ።

ስብሰባው ግን አላለቀም፤ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ «ምን እንጠብቃለን?» ብሎ ጮኸ፤ ወንበሮች ተገለበጡ፤ ሰው በበሩ ጎረፈ። የአባቷ እጅ ከእጇ ወጣ። ደርቭላ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ቀረች።

ስትደርስ የሆቴሉ የመመገቢያ ክፍል መስኮት ረግፏል። ራባህ የተባለው ሽማግሌ አልጄሪያዊ ዓይኑ ላይ ፎጣ ይዞ ወደ አምቡላንስ ሲገባ አየች። ሙዕተሲምን ፖሊሶቹ መኪና ውስጥ አስገብተውት ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እሱ አያት፤ ከዚያም እንደማያውቃት ሰው ቀስ ብሎ ፊቱን አዞረ።

ደርቭላ ለአንድ አፍታ እፎይ አለች። ያቺን እፎይታ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኳን ጠላቻት።

በማግስቱ ጠዋት ጣቢያው ሲከፈት በሩ ላይ ነበረች። ሁሉንም ተናገረች። ሳጅኑ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አያት።

«ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠየቅነው እኮ። ‹ብቻዬን ነበርኩ› ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። ምነው ትናንት ብትነግሪኝ ደርቭላ?»

«አሁን የት ነው?»

«ለደኅንነታቸው ብለው እሱን ጨምሮ አሥራ አምስት ሰዎችን በጠዋት አውቶቡስ ወሰዷቸው። የት እንደሆነ ለኔም አልተነገረኝም።»

ቤት ስትመለስ አባቷ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ተቀምጦ ነበር። እሱም እንዳያቋርጣት ቆማ ነገረችው። ፊንታን እስከ መጨረሻው ሰማት።

«እጅሽን ይዤ ነበር» አለ። «እጅሽን ይዤሽ ነበር እኮ። ምነው አንዴ ጨበጥ ብታደርጊኝ?»

«አፈርኩ አባዬ።»

«በኔ?»

«በሰው። በሁሉም። በራሴም።»

ፊንታን መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ የራሱ እንዳልሆኑ አድርጎ አያቸው።

«መስኮቱን የሰበረው ድንጋይ ከዚህ እጅ ነው የወጣው» አለ።

ተነሥቶ ወደ ጣቢያው ሄደ። እንድትሸኘው አልፈቀደም።

ሆቴሉ በሦስት ሳምንት ውስጥ ባዶ ሆነ። ድንኳኑም ተነቀለ። ሐኪም ግን አልመጣም፤ እንግዳም አልተመለሰም፤ በሩ ላይ ሰንሰለት ተጠመጠመ። ኑዋላ ደርቭላን ስታይ መንገድ ትሻገር ጀመር፤ ደርቭላም አልጠራቻትም። የራባህ አንድ ዓይን እንደጠፋ ለፊንታን ከመጣው የፍርድ ቤት መጥሪያ ላይ አነበቡ።

የሙዕተሲም ደብዳቤ የሚዛወርበት አዲስ አድራሻ በስድስተኛው ሳምንት ፖስታ ቤት ደረሰ። ደርቭላ ጻፈችለትና ቅዳሜ ዕለት ደብሊን ገባች። ከአውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ባለ ሻይ ቤት ተገናኙ። ካፖርቱ ሌላ ነበር፤ ግራጫ።

«ከስተሃል።»

«የመንደራችሁ ዳቦ ጥሩ ነበር።»

ሻዩ መጣ። አንዳቸውም አልነኩትም።

«ለምን ስሜን አልነገርካቸውም?»

«ትመጪያለሽ ብዬ። ያ ጣቢያ በሩ ሲከፈት ይጮኻል። በጮኸ ቁጥር ቀና እል ነበር። ስድስት ሰዓት ሙሉ እጠብቅሽ ነበር ደርቭላ።»

«በማግስቱ መጣሁ። ሁሉን ነገርኳቸው።»

«ሰምቻለሁ። አመሰግናለሁ።»

ሰው ትኬት ቆራጭን እንደሚያመሰግነው ዓይነት ነበር። ደርቭላ በሁለት እጇ ጠረጴዛውን ያዘች።

«ሥራዬን እለቃለሁ። እዚህ እመጣለሁ። በፈለግከው ሰው ፊት እጅህን ይዤ እሄዳለሁ።»

«አሁን ደፋር ነሽ» አላት። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «እዚህ ማንም አያውቅሽማ።»

ከዚያ ጣቶቿን ከጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ አላቀቀና በመዳፉ ሸፈናቸው።

«እወድሻለሁ። መዋሸት አልፈልግም። ግን እኔ ቀኑን ሙሉ በፍርሃት ነው የምውለው፤ በቢሮው፣ በመንገዱ፣ በአውቶቡሱ። ቤቴ ስገባ ደግሞ ጎኔ የተኛችው ሴት ነገ ሰው ፊት ታውቀኝ ይሆን እያልኩ ማደር አልችልም።»

«አንድ ጊዜ ነው የተሳሳትኩት።»

«እኔም የነበረኝ አንድ ጊዜ ነው።»

ስትነሣ የአባቷን መልእክት አስታወሰች። ይቅርታ እንዲያደርግለት ይለምናል አለችው። ሙዕተሲም ወደ መስኮቱ ዞሮ አሰበ።

«ድንጋዩ ያገኘው ራባህን ነው። ይቅርታው የኔ አይደለም፤ ራባህን ይጠይቀው።»

እስከ አውቶቡሱ ሸኛት። ደረጃው ላይ ሳለች ግንባሯን ሳማትና አውቶቡሱ ሳይንቀሳቀስ ሄደ።

ፊንታን ሾርባ አሙቆ ይጠብቃት ነበር።

«ምን አለ?»

መልሱን ልታለዝበው አስባ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ለስለስ ያለ ቃል ስትፈልግ ነበር የመጣችው። አልቻለችም። የተባለችውን እንደተባለችው ነገረችው። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ።

«ልክ ብሏል። ራባህስ የት ነው?»

«የት እንደወሰዱት የሚያውቅ የለም። ጠይቄ ነበር።»

«ላንቺስ? ይመጣል?»

«አይመጣም አባዬ።»

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ የኅዳር ማለዳ ደርቭላ ደብዳቤ ስትለይ፣ በስሟ የተጻፈ ካርድ ከመንደሩ ፖስታ መካከል ወጣ። መመለሻ አድራሻ የለውም። «ተቀበሉኝ። ደቡብ ውስጥ ለአዲስ መንገድ መሬት እለካለሁ። ደኅና ሁኚ» ይላል፤ ከዚያ በታች ስሙ።

ለማደል ስትወጣ መኪናዋን ከመንገዱ ዳር አቁማ ብዙ አለቀሰች። ደስ ብሏትም ነበር፤ ይህን ማንም አይጠራጠር። ትራክተሩን ይዞ የሚያልፍ ገበሬ ቆሞ መስታወቷን አንኳኳ።

«ደኅና ነሽ ልጄ?»

«ደኅና ነኝ፣ ነፋሱ ነው» አለችው።

ካርዱን በደረት ኪሷ ከተተች። የቀረውን ለየባለቤቱ ልታደርስ ሞተሩን አስነሣች።