የተሰፋው መጨረሻ

አባባ ገብረ መድኅን የሞቱት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ጉልበታቸው ላይ አንድ የልጆች መጽሐፍ ተዘርግቷል፤ እግራቸው ሥር የከሰል ምድጃው አመድ ብቻ ይዞ ቀዝቅዟል። ፊታቸው የተኛ ሰው ፊት ይመስል ስለነበር፣ ቅዳሜ ጧት ወደ አባባ የልጆች ንባብ ቤት የገቡት ልጆች እንዳይቀሰቅሷቸው በእግር ጣታቸው እየተራመዱ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ከበሩ በሚገባው ደብዛዛ ብርሃን ዝም ብለው ጠበቁ። ከሞተ ሰው ጋር መቀመጣቸውን ያወቁት ሙሉካ የምትባለው ልጅ ልታስነሣቸው እጃቸውን ስትነካ ነው።

መቶ አለቃ ብዙነህ ይህን የሰማው እሑድ ጧት፣ ከሲናና የእህል ቃጠሎ ምርመራ ሲመለስ ነበር። አስከሬኑ ተቀብሯል። ጎባን ጭጋግ ውጧታል፤ ሰው በመንገድ ላይ ሲተላለፍ መጀመሪያ ሳሉ ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ ነው መልኩ የሚታየው። ልጆቹ ደግሞ ሟቹ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲያነቡ ተሰምተዋል እያሉ በዚያ በኩል ማለፍ ትተዋል። የንባብ ቤቱ ዘበኛ ጉሉማ ታስሯል። ከሰሉን ያስገባው እሱ በመሆኑ ሌላ ሰው የፈለገ አልነበረም፤ ሰኞ ወደ ወህኒ ቤት ሊወርድ ነው።

«አካም ቡልቴ፣ ጉሉማ?» አለው ብዙነህ።

«እጄ ታስሮ ምን አዳር አለ፣ ጎፍታ?»

«ምድጃውን አንተ ነህ ያስገባኸው?»

«እኔ ነኝ። ዓርብ አመሻሹ ላይ እንደ ሁልጊዜው አስገባሁ። መስኮቱን ከፍቼ እንዳይመለስ ድንጋይ አስደገፍኩበት። ከሰል ባለበት ቤት መስኮት እንደማይዘጋ ጎባ ውስጥ ማን አያውቅም? ከዚያ ወደ ቤቴ ሮጥኩ፤ ላሜ ምጥ ይዟት ነበር።»

«በሩንስ ማን ቆለፈው?»

«ሲስቡት ራሱ ይቆለፋል። ቅዳሜ ለልጆቹ ከፈትኩላቸውና ወደ ጥበቃዬ ተመለስኩ። ወደ ውስጥ አላየሁም።»

«መጽሐፍ ታነባለህ?»

ጉሉማ በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ፈገግ አለ። «ፊደል ለእኔ ጉንዳን ነው፣ ጎፍታ። ልጄ ሙሉካ ታነብልኛለች።»

ብዙነህ ወደ ንባብ ቤቱ ሲገባ ክፍሉ ጨለማ ነበር። የመስኮቱ የእንጨት መዝጊያ ከውስጥ በመንጠቆ ተሸጉሯል። ድንጋዩ ጠረጴዛው ሥር፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ተቀምጧል፤ የወደቀ ሳይሆን በእጅ የተቀመጠ ይመስላል። መንጠቆውን አንሥቶ መስኮቱን ከፈተና ወንበሩ ላይ የቀረውን መጽሐፍ ወደ ብርሃኑ አቀረበው። አዲስ ነው፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። የመጨረሻዎቹ ገጾች ጠርዝ ላይ በመርፌ የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ፤ በመካከላቸውም የተቆረጠ ቀይ ክር ተንጠልጥሏል።

ሙሉካ ከደጅ ቆማ ታየዋለች። አልገባችም።

«ይህ ክር ምንድን ነው?» አላት።

«አባባ ናቸው የሚሰፉት። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ልጅ ይነሣና ለወደደው መጽሐፍ ይመሰክራል። ግን አንዳንዱ ሳያነብ፣ ከሌላ ልጅ መጨረሻውን ሰምቶ ይመሰክር ነበር። ስለዚህ የመጽሐፍ ሣጥን ሲመጣ አባባ በፊታችን ከፍተው የየመጽሐፉን መጨረሻ ይሰፉታል። እስከ ክሩ ድረስ ያነበበ ይመጣና ይተርክላቸዋል፤ እውነቱን ከሆነ ክሩን ይቆርጡለታል።»

«ይህንንስ ለማን ቆረጡለት?»

«ለማንም! ሐሙስ ነው የሰፉት። አባባ ራሳቸው ከአውቶቡስ ተቀብለው፣ ማኅተሙን በፊታችን ሰብረው። መጀመሪያ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ዓርብ ቀን ስመልሰው ክሩ ነበረ። ‹ነገ ከመሰከርሽ በኋላ እቆርጥልሻለሁ› አሉኝ።»

«ታሪኩ ምንድን ነው?»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንዲት ልጅ ጭጋግ ውስጥ ትጠፋለች። እናትዋ ማታ ማታ ከተራራው ላይ ደወል ትሰማለች። ልጅቱ ሞታለች፣ የምትደውለው ነፍስዋ ናት። እናትየው ልትፈልጋት ስትወጣ ክሩ ጋ ይደርሳል።»

«አንቺ ደግሞ ዓርብ ማታ የሰማሽው ነገር አለ ይባላል።»

ዓይንዋ እንባ ሞላ። «ላማችን ስትጨነቅ ጎረቤት ልጠራ በዚህ አለፍኩ። መስኮቱ ተዘግቶ ነበር። ውስጥ ሰው ያነባል። የአባባ ድምፅ አይደለም፤ የአባባ እየተቆራረጠ ነው፣ ይኼ እንደ ውኃ ይወርዳል። ለፖሊሶቹ ብነግራቸው ሳቁብኝ። አባቴን ግን አሰሩት።»

ከዚያ ብዙነህ የሟቹን እኅት ወይዘሮ ወለተሥላሴን አገኛቸው። ዓርብ ዕለት ከወንድማቸው ጋር ተጣልተው እንደነበር ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

«ተጣላሁ፤ አልክድም» አሉ። «ከዚያ በረዶ ቤት ወጥተህ እኔ ዘንድ ተጦር አልኩት። ዓይኑ ከፋሲካ ወዲህ ፊደል አይለይም ነበር እኮ፣ ልጄ! በመርፌ የሚሰፋው እየዳበሰ ነው። የቤቱ ባለቤት ረጋሳም ልቀቁልኝ እያለ ያስጨንቀዋል። እምቢ አለ። ‹የሰኞው ተቆጣጣሪ ሳይመጣ አልነቃነቅም› አለኝ።»

«ተቆጣጣሪው ምን ሊያደርግ ነው የሚመጣው?»

«አልነገረኝም። አንድ ነገር አንገብግቦታል፤ ይህን ብቻ አውቃለሁ።»

ባለሱቁ ረጋሳ ሚዛኑን ሳይለቅ መለሰለት። «ቤቱን ፈልጌዋለሁ፣ እህል ላስገባበት። ለዚህ ብዬ ሰው እገድላለሁ? ዓርብ ማታ ከደሎ መና ማር የጫነ መኪና እያራገፍኩ ነበር፤ ተሸካሚዎቹን ጠይቅ።» ተሸካሚዎቹም እንዲሁ አሉ።

መምህር በየነ ቤት ሲደርስ መምህሩን ነጠላቸውን ደርበው ፀሐይ በሌለበት ደጅ ተቀምጠው አገኛቸው። ለልጆቹ ከአዲስ አበባ የሚላከውን መጽሐፍ የሚረከቡት እሳቸው ናቸው።

«ከሳምንት በላይ እግሬ እዚያ ቤት አልረገጠም» አሉ። «ነፍሳቸውን ይማር፤ ሽማግሌው ግን ልጆቹን በሙት ተረት አበላሽተዋቸዋል። ይኸው ድምፅ ሰማን ይላሉ። ምን ይደረግ? የሞተች እናት በጭጋግ ውስጥ ደወል ስትደውል እያነበቡ ሌላ ምን ይሰማሉ?»

ብዙነህ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ጣቢያው ተመልሶም በሩን ዘግቶ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበበ። ሲጨርስ ሻዩ ቀዝቅዟል።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ወደ ንባብ ቤቱ ጠራ። ልጆቹ ወለሉ ላይ፣ ትልልቆቹ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጉሉማ በሁለት ፖሊስ መካከል ቆመ። በአባባ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም።

«ትናንት ያልተደረገው ምስክርነት ዛሬ ይደረጋል» አለ ብዙነህ።

«መቶ አለቃ፣ ይህ የቀልድ ጊዜ ነው?» አሉ መምህር በየነ።

«ልጆቹን እንስማቸው።»

ሙሉካ ተነሥታ እስከ ክሩ ድረስ ተረከች። «ልጅቱ ሞታለች፤ ይህን ብቻ ነው የማውቀው» ብላ ተቀመጠች። ቀጥሎ ኢታና የተባለ ወፍራም ልጅ ተነሣ።

«የኔ መጽሐፍ ስም የለውም።»

ልጆቹ ሳቁ።

«ምን ያስቃችኋል? ሽፋን የለውም! እናቴ ከጋሽ ረጋሳ ሱቅ ስኳር ስትገዛ የሚጠቀለልበት ነው። መርከበኛ መሆን ስለሚፈልግ ጅብ ነው። በጣም ጥሩ ነው፣ ሁላችሁም አንብቡት። እኔ ቀጣዩ ገጽ እንዲመጣልኝ ስኳሩን እየላስኩ ቶሎ እጨርሳለሁ።»

«ስኳሩን የሚበላው አይጥ ነው ትለኝ ነበር እናቱ» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ።

«ገጾቹን ለአባባ አሳየሃቸው?» አለ ብዙነህ።

«አነበብኩላቸው። አልሳቁም። ‹ይህ ለእናንተ የተላከ ነው› አሉ።»

ብዙነህ ወደ ረጋሳ ዞረ። ባለሱቁ ቀድሞት ተነሣ። «እኔ መጠቅለያ ነው የገዛሁት! በኪሎ! ከመምህር በየነ!»

ሁሉም ወደ መምህር በየነ ዞሩ።

«እንግዲህ» አለ ብዙነህ ቀስ ብሎ፣ «አባባ የመጨረሻውን ሣጥን ለምን ራሳቸው ከአውቶቡስ እንደተቀበሉ ገባን። ተቆጣጣሪውንም ለምን እንደሚጠብቁ፤ የልጆቹ መጽሐፍ መሸጡን ሊነግሩት ነበር። አሁን ወደ ዓርብ ማታ እንሂድ። ጉሉማ በድንጋይ አስደግፎ የከፈተው መስኮት ከውስጥ በመንጠቆ ተዘግቷል። ድንጋዩም ተነሥቶ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጧል። ስለዚህ ጉሉማ ከሄደ በኋላ አንድ ሰው እዚህ ነበረ። ክሩ ተቆርጧል፤ አባባ ግን ፊደል አያዩም። ስለዚህ ያ ሰው አነበበላቸው። ሙሉካ የሰማችው ነፍስ አይደለም፤ እንደ ውኃ የሚያነብ ሰው ነው። ጉሉማ ማንበብ አይችልም።»

«ማንበብ የሚችል ጎባ ውስጥ ብዙ ነው» አሉ መምህር በየነ።

«ብዙ ነው። አሁን ሙሉካ ምን አለች? ልጅቱ ሞታለች፣ ደዋይዋ እሷ ናት። እስከ ክሩ ያነበበ ሁሉ ይህን ይላል፤ ጸሐፊው እንዲህ እንድናስብ አድርጎታልና። ከክሩ ወዲያ ግን ሌላ ነገር አለ። ልጅቱ በሕይወት አለች። የሞተችው እናትየው ናት፤ መሞትዋን ሳታውቅ በጭጋግ ውስጥ ደወል እየደወለች ልጅዋን ትፈልጋለች። መምህር፣ ዛሬ ጧት ‹የሞተች እናት ደወል ስትደውል› አሉኝ። መጽሐፉ እዚህ ቤት የገባው ሐሙስ፣ ማኅተሙ ሳይነካ ነው። ዓርብ ቀን ክሩ ነበረ። ክሩ የተቆረጠው ዓርብ ማታ ነው። እርስዎ ከሳምንት በላይ ካልመጡ፣ እናትየው መሞትዋን ማን ነገረዎት?»

መምህር በየነ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። መልሰው ለቀቁት።

«ስለ ሰኞው ልለምናቸው ነበር የመጣሁት» አሉ። «‹መጀመሪያ ይህን ጨርስልኝ፤ ዓይኔ አልሰጠኝም› አሉና ክሩን ቆረጡ። አነበብኩላቸው። ጥቂት ሳልሄድ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁት። ሌላ ምንም አላደረግሁም። እጄን አላሳረፍኩባቸውም።»

«ከሰሉ አለ አይደል?» አለ ጉሉማ።



ሙሉካ ከወለሉ ተነሣች። «እኔ ሳልፍ መስኮቱ ተዘግቶ ነበር። እርስዎ ግን እያነበቡ ነበር። አባባ ከተኙ ለማን ነው የሚያነቡት?»

በየነ ባዶውን ወንበር አዩ። ራሳቸው እስኪያማቸው ድረስ በዚያ በተዘጋ ቤት መቀመጣቸውን፣ ገጽ ሲገልጡ ሽማግሌው በእንቅልፍ ልባቸው ራሳቸውን እንደነቀነቁ ለማንም አልተናገሩም።

«ለራሴ» አሉ። «መጨረሻውን ሳላውቅ መሄድ አቃተኝ።»

ፖሊሶቹ ገመዱን ከጉሉማ እጅ ፈትተው መምህሩን ይዘው ወጡ። ልጆቹ አንድ በአንድ ወጡ። ጉሉማ ግን በተፈታበት ቦታ እንደቆመ ቀረ፤ ዓይኑ ምድጃው ላይ ነው።

«መስኮቱን እሱ ዘጋው፣ ጎፍታ» አለ። «እሳቱን ግን ያቀጣጠልኩት እኔ ነኝ።»

ብዙነህ ከበሩ ገለል አለላቸው። 

«ብርድ ይዟቸው ነበር፣ አባ» አለች ሙሉካ፤ «ሞቋቸው ነው የተኙት። ኮቱ፣ ና እንሂድ።»

አልተንቀሳቀሰም። እጁን ይዛ ስትስበው ተከተላት። ብዙነህ ደጅ ላይ ቆሞ አያቸው፤ ጭጋጉ መጀመሪያ ልጅቱን፣ ከዚያ አባትየውን ወሰደ። ጉሉማ ለልጁ አንድ ነገር ሲመልስላት ተሰማው። ምን እንደሆነ ግን አልለየውም።