የሙታን አለቃ ኩባያ

ወንዳወቅ «ሙታን፣ ተነሱ!» ብሎ ሲጮህ ከሦስቱ ሙታን ሁለቱ ብቻ ተነሱ። ሦስተኛው፣ አለበል፣ ነጭ ከፈኑን እንደለበሰ ባሕር ዛፉ ሥር ቀረ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሲንፈራገጥ «ጎበዝ! ዞምቢ ማለት እንዲህ ነው!» ብለው አጨብጭበውለት ነበር። አልነሳ ሲልም ቀልዱን ያራዘመ መስሏቸው ሳቁ። ቀርበው ሲነኩት ሞቷል።

ኢንስፔክተር ትሕትና ከፍኖተ ሰላም ተጠርታ ቡሬ ዳርቻ ስትደርስ የሟቹ ከንፈር ገና ቀይ ነበር። ለደም ማስመሰያ የተሰናዱትን ሦስት ኩባያዎች አንድ በአንድ አሸተተች። ሁለቱ ቀይ ሥርና ማር ሸተቷት። «የሙታን አለቃ» ተብሎ የተጻፈበት ሦስተኛው ግን የነቀዝ መርዝ። ሐኪሙም በኋላ ይህንኑ አረጋገጠ።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ወንዳወቅን ነው፤ የቪዲዮ ቤቱን ባለቤትና የፊልሙን አዘጋጅ።

«ምን ዓይነት ፊልም ነው?»

«ከኮሪያ፣ ከጃፓን፣ ከታይላንድ የሚመጣ አለ፤ ሙት ተነስቶ ሰው ይነክሳል፣ ተመልካቹ በሳቅ ይፈርሳል። እኔ በአማርኛ እየተረክሁ አሳያለሁ። ሰው ሲወደው የራሳችንን እንሥራ አልን።»

«አለቃው አለበል ነበር?»

«ጠዋት ቂርቆስ ነበር። ቀዩን ከመጎንጨቱ በፊት ሳቁ እያመለጠው አስቸገረኝ። ከአለበል ጋር አቀያየርኋቸው።»

ቀይ ሥሩን ያፈላችውና ከሦስቱ ሙታን አንዷ የነበረችው ሜላት ተከተለች።

«በየኩባያው ቀድቼ፣ ከድኜ፣ በቅርጫት አደረግሁት። የአለበል ወንድም ዘሩ በባጃጁ አመጣልን» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «አጠገቡ ነበር የተኛሁት። ሲያጣጥር ትንፋሹን እየሰማሁ ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስሁ። አሁን ዓይኔን በጨፈንሁ ቁጥር ያ ትንፋሽ ይሰማኛል።»

ቂርቆስ ሙት ለመምሰል ከተቀባው ዱቄት ፀጉሩ ላይ የቀረውን እንኳ አላራገፈም። አገሩ ሁሉ የጠረጠረው እሱን ነው። ከስምንት ዓመት በፊት አጎቱ በድንበር ጠብ የአለበልን አባት ገድሏል።

«ሽማግሌ አስታርቆናል» አለ። «እርቁን የጨረስነው ግን እኔና አለበል ነን፤ እዚያ ቪዲዮ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንስቅ።»

የአለበል ታላቅ ወንድም ዘሩ ግን ፊቱን አዞረ። «ትርፍ ባትሪ ላመጣ ከተማ ሄጄ ነበር። ስመለስ ተኝተው አገኘኋቸው። ያ ዘር አባቴን በላ፤ አሁን ወንድሜን ደገመ። ሌላ ምን ይጠየቃል?»

ትሕትና ካሜራው የቀረጸውን በባዶው ቪዲዮ ቤት ብቻዋን ተቀምጣ ሦስት ጊዜ አየችው። ከወንዳወቅ ፊልሞችም አንዱን እስከ መጨረሻው ተመለከተች። ሙታኑ ግድግዳው ላይ በተወጠረው ነጭ አንሶላ ላይ ሲነሱ ከኋላዋ ያሉት ባዶ አግዳሚዎች የሞሉ እየመሰላት ሁለት ጊዜ ዞራ አየች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበች። የሟቹ እናት እማማ አስካለ ማርያም ጥቁር ለብሰው ከፊት ተቀመጡ።

«ከመቀያየሩ በኋላ ቅርጫቱ ከካሜራው ፊት ነበር» አለች ትሕትና። «ሦስቱ ኩባያቸውን እስኪያነሱ ድረስ ማንም አልነካውም። ስለዚህ መርዙ የገባው ከዚያ በፊት ነው፤ አለቃው ገና ቂርቆስ ሳለ። የታሰበው ለእሱ ነበር።»

ቂርቆስ አግዳሚውን ጨብጦ ያዘ።

«ወንዳወቅ፣ ሜላትና ቂርቆስ መቀያየሩን ያውቃሉ። መርዙን ከሦስቱ አንዱ ጨምሮት ቢሆን አለበል ሳይጠጣ ያስቆመው ነበር። ያላወቀው ቅርጫቱን አድርሶ ከተማ የሄደው ነው። ሲመለስ ሦስቱም ፊታቸው በዱቄት ነጥቷል፣ በከፈን ተጠቅልለዋል፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም።»

ዘሩ ብድግ አለ። «እኔ ወንድሜን እገድላለሁ?»

«እሱን መግደልስ አልፈለግህም» አለችና ቀረጻውን ከፈተችው።

አንሶላው ላይ ሁለት ሙታን ተነሱ። ሳቁ ቤቱን ሞላው። ቂርቆስ ከፈኑን ገፎ ዱቄቱን ከፊቱ ሲጠርግ፣ ከምስሉ ዳር እጁን አጣምሮ ቆሞ የነበረው ዘሩ «ወንድሜን!» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹ ገና ይስቃሉ።

ትሕትና ድምፁን አጠፋችው፤ ምስሉ ግን ቀጠለ።

«በእነዚያ ፊልሞች ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ኋላ ይጮኻል። አንተ ሰው ሁሉ ሲስቅ ጮኽህ። አለበልን ገና ማንም አልነካውም፤ መሞቱንም የሚያውቅ አልነበረም። ያስጮኸህ ሬሳው አይደለም ዘሩ፤ ቂርቆስ በሕይወት መቆሙ ነው።»

ዘሩ አግዳሚው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሲንፈራገጥ አየሁት» አለ። «ደስ እያለኝ… እማ፣ ደስ እያለኝ አየሁት።»

እናቱ አላዩትም። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡም ዓይናቸው ከአንሶላው አልተነቀለም። ትሕትና ኮምፒውተሩን ልትዘጋ እጇን ሰደደች።

«ተዪው ልጄ» አሉ።

«እማማ፣ ከዚህ በኋላ የሚታይ ነገር የለውም።»

«ልጄ እዚያው ተኝቶ የለም እንዴ? ትንሽ አብሬው ልቀመጥ።»

ትሕትና እጇን መለሰች። ቂርቆስ ከኋላ አግዳሚ ተነስቶ መጣና ሊጠጋቸው ፈርቶ ጥቂት ራቅ ብሎ ተቀመጠ። እማማ አስካለ ማርያም ሳይዞሩ እጁን ፈልገው ያዙና ወደ ጎናቸው ሳቡት። አንሶላው ላይ ንፋስ የአለበልን ከፈን ጫፍ እያነሳ ይጥለው ነበር።