ሰዋስው የምታውቅ የገደል ማሚቶ

ይህ ታሪክ እውነት ነው።

እዚህ ቻናል ላይ ታሪክ የሚልክ ሁሉ እንዲህ ብሎ እንደሚጀምር አውቃለሁ። ከዚያ ሌሊት ስድስት ሰዓት ይሆናል፣ ውሻ ያላዝናል፣ በር ሲጥ ይላል... የእኔ ሌሊት የለበትም። የሆነው ቀን በቀን፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ምሳችንን በልተን ሳንጨርስ ነው። ውሻም አልነበረም። ቢኖር ደስ ባለኝ።

ጥርስ ያለው ነገር አላየሁም። ጥቁር የለበሰች ሴትዮም አልመጣችብኝም።

እኔን ያስፈራኝ ሰዋስው ነው።

ሳቁ፤ ግድ የለም። እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄያለሁ።

ሥራዬ እርማት ነው። አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ምድር ቤት ቁጭ ብዬ የሰው መጽሐፍ ላይ ግድፈት እለቅማለሁ። «ሄደች» መባል ሲገባው «ሄደ» ተብሎ ያለፈ ካለ ከሩቅ ይሸተኛል። ጓደኞቼ ከእኔ ጋር ማውራት ፈተና እንደመቀመጥ ነው ይላሉ።

ታናሽ እህቴ ደግሞ ስልክ አንሺ ናት። መብራት ሲጠፋ የምትደውሉበት ቁጥር አለ አይደል? ሙዚቃ አሰምተው አሰምተው፣ ተስፋ ቆርጣችሁ ልትዘጉ ስትሉ «አቤት፣ ምን ልርዳዎት?» የምትል አንዲት ልጅ አለች... እሷ ናት። ቤት ውስጥ ጩጬ እንላታለን። ሥራ ከያዘች ዓመታት አልፈዋል፤ የመጨረሻ ልጅ ግን አታድግም።

ቀኑን ሙሉ የምትሰማው ስድብና እሮሮ ነው። በእንቅልፏ «ስለተፈጠረው ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን» ትላለች። ሰሞኑን ደግሞ ባሰባት። እራት ላይ እማዬ ስትጠራት «አቤት፣ ምን ልርዳዎት?» አለቻት።

እኔ ሳቅሁ። እማዬ አልሳቀችም።

«ስልክ የማይሠራበት ቦታ ውሰዳት» አለችኝ በኋላ፣ ጓዳ ጠርታ። «አንድ ቀን እንኳ ጆሮዋ ይረፍ።»

ለዚህ ነው የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ጉብኝት የተመዘገብነው። ተራራ ላይ ያለ ሐይቅ። ጠዋት ስንወጣ እማዬ በር ላይ ቆማ ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ።

«አደራ» አለች። «እንደወሰድካት መልሳት።»

ሚኒባሷ ውስጥ የነበርነው እኛ፣ ገና የተጋቡ ሁለት ሙሽሮች፣ ሾፌሩና አስጎብኚው ብቻ ነን። አስጎብኚው ቀልዱን ሁሉ በቃሉ የያዘ፣ መሳቅ ያለብንን ቦታ በቅንድቡ የሚያሳይ ሰው ነው።

አፋፉ ላይ ደርሰን ወረድን። ተራራው በጥንት ዘመን እሳት ሲተፋ ኖሮ፣ ሲበርድ ሆዱ ጎድጉዶ ቀረ፤ ጉድጓዱን ውሃ ሞላው። ዙሪያውን ገደል ነው። ከላይ ሲያዩት ሐይቁ የድስት ቂጥ ላይ የቀረ ውሃ ይመስላል። ጥቁር። አንዲት ወፍ እንኳ የለችበትም።

ስልኬን አየሁት። ኔትወርክ የለም። ደስ አለኝ።

«ታች ያለችው የገደል ማሚቶ ጨዋ ናት» አለ አስጎብኚው። «የሰጧትን ትመልሳለች። ከብዙ ሰው ትሻላለች።» ቅንድቡ ተነሳ፤ ሳቅን። «አንድ ነገር ብቻ... እሷ ቀድማ ከጠራቻችሁ፣ አቤት እንዳትሉ።»

ሙሽሪት ባሏን ቆነጠጠችው። ጩጬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ማሚቶ ስትባል የሰፈር ሴትዮ ነው የምትመስለኝ» አለች። «የሰማችውን ይዛ ቤት ለቤት የምትዞር።»

ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትቀልድ መስማቴ ነበር።

ቁልቁለቱን ወርደን ውሃው ዳር ዳቦና እንቁላል በላን። ሙሽራው ተነሳና እጁን አፉ ላይ እንደ ጥሩምባ አደረገ።

«እወድሻለሁ...» ሲል ወደ ገደሉ ጮኸ።

ማሚቶ ትንሽ ቆይታ መለሰች።

«እወድሃለሁ...»

ሙሽሮቹ ተሳሳቁ። አስጎብኚው አጨበጨበ። እኔ ግን ማኘክ አቆምኩ።

«ሻ» ሆኖ ነው የሄደው። የመጣው «ሃ» ሆኖ ነው።

«ሰማችሁ?» አልኩ።

«ምኑን?»

«እሱ ‹እወድሻለሁ› ነው ያለው። የተመለሰው...»

«ጋሼ» አለችኝ ጩጬ፣ ጫማዋን እያወለቀች። «ገደሉንም ልታርመው ነው?»

ሁሉም ሳቀ። ጆሮዬ ነው ብዬ ተውኩት። ጩጬ እግሯን ልትነክር ራቅ ብላ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። እማዬ ብታያት ብዬ ተመኘሁ።

ጉሙ የመጣው ያኔ ነው።

ከአፋፉ ላይ እንደ ፈላ ወተት ገንፍሎ ወደ ውስጥ ወረደ። አስጎብኚው ሰማዩን አየና እቃውን መሰብሰብ ጀመረ። «እንውጣ፤ መንገዱ ሳይጠፋን» አለ። ሙሽሮቹ ቀድመው ዳገቱን ያዙ።

«ጩጬ፣ ነይ...» አልኩ ጮክ ብዬ።

ገደሉ መለሰ።

«ና...»

ልክ ለእኔ። ልክ ስሜን እንደሚያውቅ ሰው።

እንደ ሞኝ ደግሞ ሞከርኩት። ሰው የሚፈራውን ነገር ለምን ደግሞ እንደሚሞክረው እንጃ።

«ተነሺ...»

«ተነስ...»

አስጎብኚው ቦርሳውን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ከዚያ፣ ማንም ሳይጮህ፣ ከውሃው በኩል ድምፅ መጣ።

የእህቴን ስም ጠራ። ጩጬ ብሎ አይደለም። ዋናውን ስሟን፣ ከነአባታችን ስም... በዚያ ቀን ከማንም አፍ ያልወጣውን።

ዓይኗን እንደጨፈነች ነበር።

«አቤት፣ ምን ልርዳዎት?»

አመለጣት። ራሷም ደንግጣ ሳቀች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወደ እኔ ዞራ ልትቀልድ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

አልዞረችም። ሳቋ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። አንገቷን ዘንበል አደረገች፤ ሁለት ጣቷን ጆሮዋ ላይ አሳረፈች። ሥራ ላይ ማዳመጫውን የምትይዘው እንደዚያ ነው።

«እሺ...» አለች። «ከመቼ ጀምሮ ነው የጠፋብዎት?»

እኔ ምንም አልሰማም።

«እሺ... ሰፈሩ በሙሉ ነው፣ ወይስ የእርስዎ ቤት ብቻ?»

እያዳመጠች እንባዋ ሲወርድ አየሁ። ስድብ ሲያወርዱባት የማታለቅስ ልጅ ናት።

«ሰፈሩ በሙሉ... እሺ።»

ሮጥኩ። ትከሻዋን ስይዘው በረዶ ነው።

«ጩጬ። ማንን ነው የምታዋሪው?»

ጣቷን አነሳችብኝ፤ ቆይ የሚል ጣት። ወደ ውሃው «አንድ ጊዜ መስመር ላይ ይጠብቁኝ» አለችና ወደ እኔ አንሾካሾከች።

«ጨለማ ነው ይላሉ፣ ጋሼ። ልጆች አሉ ይላሉ።»

«እነማን?»

«ደንበኞቹ።»

«ዝጊው።»

«እኛ አንዘጋም እኮ። አይፈቀድልንም። የሚዘጋው ደንበኛው ነው።»

«በእናትሽ፣ ዝጊው።»

አፏን ልይዝ እጄን ሰደድኩ። ቀደመችኝ። ያንን ቃል በቀን ስንቴ እንደምትለው እንጃ፤ ምላሷ ላይ መንገድ ሠርቷል።

«ቅሬታዎን ተቀብለናል። አሁኑኑ ሰው እንልካለን።»

ሐይቁ መሃል ላይ ውሃው አንዴ ክብ ሠራ። ተመልሶ ተኛ።

እህቴን በአንድ እጄ፣ የአስጎብኚውን ጃኬት በሌላው እጄ ያዝኩ።

«አቤት ካሉ በኋላ ምንድነው የሚደረገው?» አልኩት። «መላው ምንድነው?»

ቅንድቡ ተነስቶ እዚያው ቀርቷል። ላብ አጥምቆታል።

«ወንድሜ...» አለ። «እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«ምኑን?»

«አቤት አትበሉ የሚለውን። ለጨዋታ። ጉርሻ ጠንከር እንዲል... እውነት መሆኑን ማን ነገረኝ?»

ከዚህ በላይ ተስፋ የሚያስቆርጥ ቃል ሰምቼ አላውቅም። የሚያውቅ ሰው የለም ማለት ነው። የምንጠይቀው የለም።

ወደ ላይ ጎተትኳት። አስጎብኚው ቀድሞ ሮጠ፤ ጉሙ ዋጠው። ያዝኩት የምለው እጇን ብቻ ነው፤ ከክንዷ በላይ ያለውን አላየውም። እጇ ብርድ ነው፤ አጥንቴ ድረስ ይገባል። በየጠመዝማዛው ቀጥ ትልብኛለች።

«ሰው እንልካለን ብያለሁ፣ ጋሼ።»

«በቀን ስንቴ ትያለሽ? እኛ ሰፈር ትራንስፎርመሩ ሲቃጠል ሰው እንልካለን አላላችሁም? ማን መጣ? ዱላ ይዞ ወጥቶ ሽቦውን ያስተካከለው ጎረቤታችን ነው። ማንም አይመጣም፤ ሰዉም ለምዶታል።»

እንድትስቅልኝ እየለመንኳት ነበር። አንዴ ብትስቅ የምትመለስልኝ መስሎኝ።

«እነሱ ግን ይህን አያውቁም» አለች ቀስ ብላ። «አመኑኝ።»

ያኔ የመጨረሻውን ሞከርኩ። ወደ ጉሙ ዞሬ ጮኽኩ።

«ስህተት ነው። ሰው የለም። ሰው አንልክም...»

ገደሉ ቆየ። በጣም ቆየ።

«አትልኩም...?»

የጠየቀው የትንሽ ልጅ ድምፅ ነው። ሊያለቅስ ሲል የሚንቀጠቀጥ።

ጩጬ እጇን መነጨቀችኝ፤ አመለጠችኝ።

በአራት እግሬ ሆኜ ዳበስኩ። ድንጋይ። ሣር። ድንጋይ። «ጩጬ፣ እማዬ አደራ ብላኛለች... ጩጬ፣ ምን ብዬ እገባለሁ...» አለቅስ ነበር። ማሚቶዋ አንዱንም አልመለሰችልኝም።

ከዚያ እጅ መጥቶ እጄ ውስጥ ገባ።

ሞቃት ነበር። ደሟ ተመለሰ ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ከዚያ በኋላ አልተጎተተችብኝም። አልቆመችም። ምንም አላለችም። እንደ ላባ ቀልላ ትከተለኛለች፤ የእግሯ ኮቴ እንኳ አይሰማም። ጫማዋን ታች ትታዋለች አልኩ ለራሴ፤ ባዶ እግር ኮቴ የለውም።

አፋፉ ላይ ወጣን። ሚኒባሷ ሞተሯ ተነስቶ ትጠብቃለች። ሙሽሮቹ ተቃቅፈው ኋላ ወንበር ላይ ናቸው። አስጎብኚው ማንንም አያይም። «እንደወሰድኳት መለስኳት» የሚለውን ቃል ለእማዬ በአፌ እያዘጋጀሁ ነበር።

ጉሙ ተከፈተ።

ሳላስበው ወደ ታች አየሁ።

ሐይቁ ጥቁር ነው። ከሥሩ፣ ከጥልቁ፣ አንድ መብራት በራ። ከጎኑ ሌላ። ከዚያ በረድፍ በረድፍ፣ መስኮት በመስኮት... ውሃው ሥር ሰፈር አለ።

መብራት ብዙ ቀን ጠፍቶ ሲመጣ ሰፈሩ በአንድ አፍ የሚጮኸውን ጩኸት ታውቁታላችሁ። ልጅ አዋቂው፣ ከየቤቱ። ያንን ጩኸት ከውሃው ውስጥ ሰማሁ። ደስታው አንጀት ይበላል።

«መጣ» ነው የሚባለው። ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ «መጣ» ብለን ነው የጮኽነው። መብራት ወንዴ ነው።

እነሱ ያሉት «መጣች» ነው።

«መጣች... መጣች...»

አውቃለሁ። መብራትንም በሴት አንቀጽ የሚጠራ ሰው አለ። በንግግር ያጋጥማል፤ በአንዳንድ ሰው አፍ ያጋጥማል። የሰው ስህተት ስለቅም የኖርኩ ሰው፣ አፋፍ ላይ ቆሜ፣ እባካችሁ ስህተት ይሁን፣ «መጣች» ያላችሁት መብራቱን ይሁን ብዬ ለመንኩ። አንዲት ፊደል። አንዲት ግድፈት።

«ወንድም፣ እህትህን ይዘህ ግባ እንጂ» አለኝ ሾፌሩ።

አልዞርኩም።

እጄ ውስጥ ያለው ሞቃት እጅ፣ ጣቶቹን ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ፣ በጣቶቼ መሃል አስገባ።