የሰባት ዓመት ጭማሪ

«ጠበቅ አድርጊው እንጂ፣ ሳሎኑ ጠበበኮ» አለ ኩማ ከወዲያ ጫፍ።

ታቢታ የመለኪያ ገመዱን ጫፍ እንደያዘች ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ሳሎን የተባለው ነገር ገና ሣር ነው። ግድግዳ የለው፣ ጣሪያ የለው፣ መሀሉ ላይ የሰው ፍየሎች ተኝተው ያመሰኳሉ። አባቷ ኩማ ግን የሌለውን በር በእጁ ከፍቶ ገባና ጫማውን እንደሚጠርግ እንግዳ እግሩን መሬት ላይ አሸት አሸት አደረገ። ታቢታ ሳቀች። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አባቷ እንዲህ ሲጫወት ያየችው ስንቴ ነው? ቢቆጠር አምስት ጣት አይሞላም።

ቦታው ከከተማው ዳር፣ ኩማ አባል የሆነበት የቤት ሠሪዎች ማኅበር ለአባላቱ በዕጣ ካደላቸው አንዱ ነበር። ችካሉ ላይ በቀይ ቀለም 43 ተጽፎበታል። መሬቱን መንግሥት በነፃ ሰጥቷል፤ ለግንባታው ደግሞ ባንክ ያበድራል ተብሏል። ኩማ ገመዱን እየጎተተ ክፍሎቹን አሳያት። ይሄ የእናትሽ ማድ ቤት፣ ይሄ የወንድሞችሽ፣ ይሄ ደግሞ ያንቺ፤ መስኮቱ በዚህ በኩል ይሆናል። በዚያ በኩል ቀና ሲሉ ከዛፎቹ በላይ ሐይቁ ይታያል።

ታቢታ መስኮቱ ይሆናል የተባለበት ላይ ቆማ ቀረች። የሚኖሩባት የቀበሌ ቤት አንድ ክፍል ተኩል ናት። ያለቻት አንዲት መስኮት የምትከፈተው ወደ ጎረቤት ግድግዳ ነው። የጎረቤት ሬዲዮ ደግሞ እነሱው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ታቢታ ለፈተና ስታነብ ዜናውንም መዝሙሩንም ሳትወድ አብራ ታጠናለች። እና ሐይቁ የሚታይባትን መስኮት አጥብቃ ፈለገቻት።

ከእሷ ይልቅ ግን የኩማ ይብስ ነበር። ሀዋሳ ገና ስትቀየስ ጀምሮ ሥራው ገመድ መያዝና ችካል መትከል ነው። መሐንዲሱ በመሣሪያው አይቶ ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲል ወደ ቀኝ። ከፒያሳ እስከ ሐይቁ ዳር እሱ ያልረገጠው ቦታ የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ለሰው ሲለካ ኖሮ ለራሱ ሲለካ ያቺ እሑድ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ታዲያ ደስታው ሳምንት አልዘለቀም። የማኅበሩ ጸሐፊ ጓድ ሽበሺ አባላቱን ሰብስቦ የብድሩን ደንብ አነበበ። ብድሩ ተበዳሪው ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ተከፍሎ ማለቅ አለበት፤ ጡረታ በሃምሳ አምስት ነው። ቀጥሎ የያንዳንዱን ዕድሜ ከመሥሪያ ቤት ከመጣለት ዝርዝር እየጠራ «ጓድ ኩማ፣ አርባ ስምንት» አለ። ኩማ ብድግ ብሎ አርባ አንድ ነኝ ቢል አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሁለተኛ ሊያገባ ነው መሰለኝ ያለም ነበር።

ኩማ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አልዋሸም። የዋሸው ድሮ ነው፣ በ1952። ወሬዋን ቤተሰቡ በቃሉ ያውቃታል፤ በየበዓሉ ትወራለች። መሐንዲሱ ከሃያ ዓመት በታች አልቀጥርም አለ። የአሥራ አምስት ዓመቱ ኩማ የትልቅ ሰው ኮት ተውሶ፣ ድምፁን አጎርንኖ «ሃያ ሁለት» ሲል የቅጥሩ ጸሐፊ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ጻፈ። ኮቱ ጉልበቱ ድረስ ይመጣ ነበር፤ እጁ ከእጅጌው ስላልወጣ ብዕር ይዞ ለመፈረም ሲታገል... እዚህ ላይ ሲደርስ የታቢታ እናት ብዙነሽ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች።

አሁን የሚስቅ ጠፋ። በሰባት ዓመት ከፍለህ ጨርስ ከተባለ የወሩ ክፍያ የደመወዙን እኩሌታ ሊበላ ነው። ኩማ ከትውልድ መንደሩ ሽማግሌ አስመጥቶ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄደ። ሲወለድ ነበርኩ አሉ ሽማግሌው። ሠራተኛው በትሕትና አስቀምጦ አዳመጣቸውና፣ መጀመሪያ የተመዘገበ ዕድሜ አይለወጥም ብሎ ሸኛቸው።

ሽበሺ ክፉ ሰው አይደለም። ነገሩ ከንክኖት ማክሰኞ ከሥራ ሲወጣ እነኩማ ቤት መጣ።

«ልጅቷ አለች አይደል» አለ፣ ከቦርሳው ፎርም እያወጣ። «የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ እየቀጠረ ነው። አሥራ ስምንት ትባል፣ ሁለት ዓመት ምን አላት? ምስክር እኔ አመጣለሁ። ብድሩ በሁለታችሁ ስም ይጻፋል። እሷ ጡረታ እስክትወጣ እኮ ሠላሳ ሰባት ዓመት አለ።»

ብዙነሽ ትምህርቷስ አለች። የማታ አለላት አላት ሽበሺ። ፋብሪካው በፈረቃ፣ ሌሊትም ጭምር እንደሚሠራ ያነሳ የለም። ፎርሙ እስከ ሐሙስ ካልገባ ቦታው ለተጠባባቂ እንደሚተላለፍ ነግሯቸው ሄደ።

በማግስቱ ታቢታ ለጓደኛዋ ለሮማን ነገረቻት። እነሮማን ስምንት ሆነው ነው በአንድ ቤት የሚኖሩት።

«አንቺ ፋራ፣ ይሄ ይታሰባል? እኔ ብሆን ዛሬውኑ እሞላለሁ» አለቻት። ከዚያ ደብተሯን ገልጣ «ጂኦሜትሪውን ግን ማን ያስረዳኛል?» አለች።

ጂኦሜትሪ ለታቢታ የፈተና ነገር ብቻ አልነበረም። አንድ ጊዜ፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ፣ አባቷ የመሐንዲሱን መሣሪያ አሳይቷት ነበር። አንድ ዓይኗን ጨፍና ስታይ የታቦር ተራራ ድንጋይ አፍንጫዋ ሥር መጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገመድ ያዡን ሳይሆን በመሣሪያው የሚያየውን ሰው መሆን ነበር ምኞቷ። ይህን ለአባቷ ነግራው አታውቅም።

ረቡዕ ከራት በፊት ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። የቤቱን ማመልከቻ ሁሉ የምትጽፈው እሷ ናት፤ ይሄንንም እንድትሞላ ኩማ ብዕሩን አቀበላትና ከጎኗ ተቀመጠ። ስም፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር ጻፈች። የትውልድ ዘመን ላይ ስትደርስ ብዕሩ ቆመ።

«አባዬ፣ እስቲ የኮቱን ንገረኝ» አለችው።

«አሁን?»

«አሁን። ኮቱ የማን ነበር?»

ስንት ዓመት ሲወራ ይህን የጠየቀ የለም። ኩማ አገጩን አሻሸ።

«የአስተማሪዬ፣ የጋሽ ግዛቸው። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ለአንድ ጠዋት ያውሱኝ ብዬ ነው የወሰድኩት፤ ክረምቱን ሠርቼ መስከረም ወደ ትምህርቴ ልመለስ። ኮቱን በነጋታው መለስኩ። ሰባቱን ዓመት ግን የሚቀበለኝ አጣሁ።»

ብዙነሽ አልሳቀችም። የጎረቤት ሬዲዮ ዜና እያነበበ ነበር።

ታቢታ ጎንበስ ብላ 1962 ብላ ጻፈች። እውነተኛው ነው። ወረቀቱን ወደ አባቷ ገፋ አደረገችው። ኩማ ቁጥሩን ለረዥም ጊዜ ተመለከተው።

«ጽሕፈትሽ ያምራል» አለና ተነስቶ ወጣ።

«ያችን ማድ ቤት እኮ ወድጃት ነበር» አለች ብዙነሽ ለማንም ሳይሆን። ታቢታ ልክ ሠራሁ ብላ የተኛች እንዳይመስላችሁ፤ የቤተሰቡን ቤት በእጇ ያፈረሰች መስሏት ስታለቅስ ነው ያደረችው። ሐሙስ ፎርሙ ሳይገባ አለፈ፤ ያን ቀንም ዓርብም አባትና ልጅ ከሰላምታ በቀር ቃል አልተለዋወጡም።

ቅዳሜ ጠዋት ኩማ ገመዱን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆመ። «ጫፉን የሚይዝልኝ ሰው የለም» አላት። ታቢታ ጫማዋን አጠለቀች።

ቁጥር 43 የደረሳት ተጠባባቂ ሙሉመቤት የምትባል ነርስ ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከፊቷ ገና ብዙ ደመወዝ አላት። ጃንጥላዋን ዘርግታ ከችካል ወደ ችካል እየተሯሯጠች ትስቃለች። ጥፋት የለባትም፣ ምን ታውቃለች። ኩማ እንደ ማንም ሰው ቦታ ማዕዘኑን አስተካክሎ ለካላት።

«ጋሽ ኩማ፣ እርስዎ ያውቁታል» አለች ሙሉመቤት። «መኝታ ቤቱን በየት በኩል ባደርገው ይሻላል?»

ኩማ ሰምቶ እንዳልሰማ ጎንበስ ብሎ ከችካሉ ላይ አፈር ይጠርግ ጀመር። ታቢታ አባቷን አየችው። እሷም ዝም ብትል የሚወቅሳት አልነበረም። ገመዱን ሳትለቅ ሄደችና ያን እሑድ የቆመችበት ላይ ቆመች።

«እዚህ ጋ ያድርጉት» አለች። «መስኮቱን ደግሞ በዚህ በኩል ያስወጡት። ሐይቁ ይታይዎታል።»

ሙሉመቤት መጥታ ከጎኗ ቆመችና ጃንጥላዋን ዝቅ አድርጋ ተመለከተች።

«ጠበቅ አድርጊው» አለ ኩማ ከወዲያ ጫፍ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ታቢታ ገመዱን ጠበቅ አደረገችው።