በሩ ሲንኳኳ የሚበራው መብራት

«ነቀልኩት!» አለ ጥድፊያ የሚሉት ልጅ፣ ኬብሉን ከቦርዷ ላይ መንጭቆ ከኋላ ለቆሙት ልጆች እያቀበለ።

ልጅቷ ባትሪውን አገናኘችና ከካርቶን የሠሩትን ትንሽ በር በጣቷ አንኳኳች። መብራቱ አልበራም። ደግማ አንኳኳች። ጠዋት የጻፉት ኮድ የት እንደገባ እንጃ፤ መብራቱን የምታዘው፣ የክብሪት ቀፎ የምታክለው ቦርድ ምንም እንዳልተነገራት ሁሉ ጸጥ ብላለች።

«ሴቭ አድርገኸው ነበር?»

«እኔ ልሙት! ኮምፒውተሩ ራሱ ‹ተቀምጧል› ብሎኛል እኮ።»

ጓደኛዋን ጥድፊያ ያሉት በከንቱ አይደለም፤ የፈተና ወረቀት ስሙን ሳይጽፍ የሚያስረክብ ልጅ ነው። በቤተ ሙከራው ውስጥ የሚሠራው ኬብል አንድ ብቻ በመሆኑ፣ ከኋላ «ኬብል!» የሚል ጩኸት በተሰማ ቁጥር እጁ ከሐሳቡ ይቀድማል።

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን ወላጆች የተማሪዎቹን ሥራ ሊያዩ ይመጣሉ፤ አያቷና አክስቷም አብረው። አያቷ ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ የበር ኳኳታ አይሰሙም። በቀደም አክስቷ ደጅ ቆማ እጇ እስኪዝል በሩን ደብድባ፣ በመጨረሻ በመስኮት ዘላ ስትገባ፣ እርሳቸው ተረጋግተው አበባቸውን ውኃ ያጠጡ ነበር። «ከእንግዲህ ብቻዎን አይኖሩም፤ ወደ እኔ ቤት ነው!» ስትል ቁርጡን ነገረቻቸው። አያትየው እንደዚያ ቀን አንገታቸውን ደፍተው አያውቁም። በልጅቷ ብዙ ልመና አክስቷ የተስማማችው በአንድ ነገር ነው፦ በር ሲንኳኳ የሚበራው መብራት ሲሠራ በዓይኗ ካየች በቤታቸው ልትተዋቸው።

«ቦርዷ ናት የተበላሸችው» አለ ጥድፊያ።

«ቆይ እስቲ። ቅድም አንተ ባትሪ ፍለጋ ስትወጣ ኬብሉ እንደተሰካ ቆየ። ያኔ ሠርታ ነበር። የምትረሳው አንተ ሴቭ አድርገህ ቶሎ ስትነቅላት ነው!»

ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠላት። ኮምፒውተሩ «ተቀምጧል» ቢልም ጽሑፉን ወደ ቦርዷ ገና እያሻገረ ነበር፤ ጥድፊያ ደግሞ ከመንገድ ይቆርጠዋል። ኬብሉን ለምና አስመለሰችና ፋይሉን ከፈተች።

ባዶ። አንዲት ፊደል አልተረፈችም። የጻፉት በቀጥታ ቦርዷ ላይ ስለነበር ሌላ ቅጂ የላቸውም። ከኮሪደሩ የወላጆች ድምፅ መሰማት ጀምሯል።

የጥድፊያ ፊት ዐመድ መሰለ። ከዚያ እንደ ልማዱ ተጣድፎ መላ አመጣ፦ መብራቱን ከባትሪው ጋር አያይዞ ማብሪያውን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀው። «ሲያንኳኩ ትጫኚያለሽ። ማን ያውቃል?»

«ቤታቸውስ? እዚያ ከጠረጴዛ ሥር ማን ሊቀመጥላቸው ነው?»

«ኧረ አንቺ ደግሞ! ዛሬን እንለፋት እንጂ!»

አያቷ ኮታቸውን አስተኩሰው፣ በአክስቷ ክንድ ተደግፈው ገቡ። «እስቲ የኔ መሐንዲስ!» አሉ ክፍሉን በሚያናጋ ድምፅ። ከዚያ ዓይናቸውን መብራቱ ላይ ተከሉ።

አክስቷ ጎንበስ ብላ የካርቶኑን በር አንኳኳች።

የልጅቷ ጣት ማብሪያው ላይ ነበር። ጥድፊያ በክርኑ ጎሸም አደረጋት። እርሷ ግን እጇን ቀስ ብላ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ አኖረችው።

አያቷ ጥቂት ጠበቁ። መብራቱን አዩ፤ ሴት ልጃቸውን አዩ፤ መልሰው የልጅ ልጃቸውን አዩ።

«አላንኳኳችም እንዴ?»

ልጅቷ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«አንኳክታለች፣ አባባ።»