የማቢካ እናት

ፔምባ ማቢካን ያወቀችው ቆሞ ሲያንቀላፋ ነው። በሙዊላ ገበያ ካሳቫ የምትሸጥበትን መደብ ተደግፎ ዓይኑ ተከደነ።

«አንተ! እዚህ አልጋ አይሸጥም» አለችው።

ደንግጦ ቀና አለ። ተያዩና ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባይርበውም ይመጣ ጀመር።

ማቢካ ግንድ ጫኝ ነበር። ወገቡን ሲያመው ጓደኞቹ ኮቦሎ የሚሉትን የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሰጡት። ሕመሙ ተወው፤ ክኒኑ ግን አልተወውም። ሥራውንም አሳጣው።

ከፔምባ መደብ ፊት ለፊት የምትሸጠው ማማ ትሶና ባየችው ቁጥር ትጮሃለች፦ «ፔምባ፣ ባልሽ መጣ! ደግፊው እንዳይወድቅ!» ማማ ትሶናና የፔምባ እናት ከተኳረፉ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል።

ፔምባ ማቢካን ለምና ወደ መድኃኒት አዋቂው ፓፓ ንዚንጊ ወሰደችው። ሽማግሌው ኢቦጋ የሚባል ሥር ያበላሉ። የበላው ሰው ሳይተኛ ያልማል፤ ያለፈ ኑሮው ፊቱ ይደቀናል። ከዚያም ስላየው ነገር ለሳምንታት ያነጋግሩታል። ክኒኑ ከሰውነቱ ሳይወጣና የጤና ጣቢያው ነርስ ልቡን መርምሮ ሳይፈቅድ ግን አይጀምሩም።

ማቢካ እሳቸው ግቢ ውስጥ ዐሥር ቀን ተንቀጠቀጠ። መንቀጥቀጡ ቆመ፤ አምሮቱ ግን አልቆመም። ነርሱም ፈቀደ።

«እናትህ ማን ትሁን?» አሉት ሽማግሌው።

«እናቴ ሞታለች፣ ፓፓ።»

«የወለደችህን አላልኩም። ሥሩን ስትበላ አጠገብህ የምትቀመጥ ሴት ታስፈልጋለች። ከዚያ ወዲያ እናትህ እሷ ናት።»

ማቢካ ወደ ፔምባ ዞረ። «እሷ ትቀመጥ። ከእሷ ሌላ ማን አለኝ?»

«ከተቀመጠች አታገባትም። እናቱን የሚያገባ ማን ነው?»

ፔምባ አንገቷን ደፋች። «የእኔ እናት ብትሆንስ?» አለች።

ሽማግሌው ሳቁ። «ያን ጊዜማ ወንድምሽ ሆነ!»

ሲሸኛት ማቢካ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ብቻዬን እፈራለሁ» አላት።

«እስከ ነገ ጠብቀኝ። ሰው ካጣሁ እኔው እቀመጣለሁ። ሞተህ ከማጣህ ልጄ ሆነህ ብትኖር ይሻለኛል።»

ፔምባ አጠገቡ የምትቀመጥ ሴት ፍለጋ ዞረች። የማቢካ አክስት በሯን ዘጋችባት። ጎረቤቶቹ «ለዚያ ሱሰኛ?» አሏት። በማግስቱ ፔምባ የቀራት አንድ ደጅ ብቻ ነበር። መንገዱን ተሻግራ ማማ ትሶና ፊት ቆመችና ነገረቻት።

«እኔ? እናትሽ ታውቃለች?»

«ብታውቅ ትገድለኛለች።»

«እንግዲያው ደስ እያለኝ እመጣለሁ!» ብላ ማማ ትሶና ሳቀች። ሳቋ ግን ወዲያው ከሰመ። «የእኔም ልጅ ይህንኑ ክኒን ይውጥ ነበር። ስጮህበት ኖርኩ። አንድ ቀን አልነቃም።»

በቀጠሮው ቀን ፔምባ ከፓፓ ንዚንጊ አጥር ውጭ ተቀመጠች። ማቢካ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማታል። ተነሥታ በሩ ድረስ ሄደች፤ ተመለሰች። ከውስጥ የማማ ትሶና ድምፅ መጣ፦ «አልቅስ ልጄ፣ አለሁ፤ የትም አልሄድም።»

ማቢካ በሦስተኛው ቀን ከስቶ ወጣ።

«ምን አየህ?» አለችው ፔምባ።

«እናቴን። ጫካ ሥራ ላይ ሆኜ ነው የተቀበረችው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።»

«ክኒኑስ?»

«ዛሬ አላማረኝም። የነገን እንጃ።»

አምሮቱ አንዳንድ ቀን ይመጣበታል። ያን ጊዜ ከፓፓ ንዚንጊ ጋር ሲነጋገር ይቆያል፤ ከዚያ ማማ ትሶና ዘንድ ሄዶ ካሳቫ ይልጣል። እንዲህ እያለ አምስት ወር ክኒን ሳይቀምስ አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማማ ትሶና የክት ልብሷን ለብሳ የፔምባ እናት ልጅዋን ልትረዳ ወደተቀመጠችበት መደብ መጣች። ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየ።

«እንደምን አደርሽ» አለች።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ልጅሽን ለልጄ ልለምን።»

«ለዚያ ኮቦሎ ዋጭ?»

«አፍሽን ሰብስቢ! ስለ ልጄ ነው የምታወሪው።»

የፔምባ እናት ልጅዋን አየቻት። ፔምባ ዓይኗን አልሰበረችም።

«በይ ቁጭ በይ» አለች እናትየው በመጨረሻ። «ይህ ቆሞ የሚያልቅ ነገር አይደለም።»

ሁለቱ ሴቶች የሰባት ዓመቱን ሁሉ እያነሡ እስከ ምሳ ሰዓት ተጨቃጨቁ። ፔምባና ማቢካም እየተሳሳቁ የሁለቱንም መደብ ካሳቫ ሲሸጡ ዋሉ።