የታሰሩት አውራ ጣቶች

ይህ ታሪክ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት እንደሆነ የዘንድሮ ጤፌን በረዶ ይምታው! ከማንኩሳ እስከ ቡሬ ያለ ሰው ሁሉ ይመሰክራል፤ የማይመሰክር ካለ ያን ዕለት ተኝቶ የዋለ ነው።

የምክር ቤት አባሏ ወይዘሮ እፀገነት ማንኩሳ የመጡት እድርተኛውን «መንግሥት በምን ይደግፋችሁ?» ብለው ሊጠይቁ ነበር። ዛፉ ሥር የተሰበሰበውን ሕዝብ ልቁጠር ያለ፣ ሳይጨርስ ያረጃል። ጸሎቱ እንዳበቃ የእድሩ ጸሐፊ መምህር ምስክር ወንበር ሊያወጣ ዕቃ ቤቱን ከፈተና ጮኸ። የእድሩ ዳኛ አቶ ይርሳው ግንባራቸው ተፈንክቶ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ በጀርባቸው ተዘርግተዋል።

ኢንስፔክተር ናሁሰናይ ከፍኖተ ሰላም ደረሰ። ናሁሰናይ ማለት የጠፋ በሬ ኮቴ አይቶ የበሬውን ዕድሜ ከነባለቤቱ ጠባይ የሚናገር ሰው ነው። ጎንበስ አለ። የሟቹ ዓይኖች ተከድነዋል። የእግራቸው አውራ ጣቶችም በነጭ ፈትል አንድ ላይ ታስረዋል።

«ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«ሟቹ፣ እኔና ገናዡ ጋሽ ቢያዝን» አለ ምስክር።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተህ ነበር አሉ።»

«ስለ አምቡላንስ እኮ ነው! መንግሥትን አንዲት እንጠይቅ ስንል ‹የመንግሥት መኪና ከገባ የመንግሥት እጅም ይገባል፤ ቃሬዛችን ይበቃናል› አሉን። እኔ እንደሁ እንኳን ሰው ዝንብ አልገድልም፤ ተማሪዎቼን ይጠይቁ፣ ጠመኔዬን እንኳ አይፈሩም። የከፋቸውስ ጋሽ ቢያዝን ናቸው። ባለቤታቸው ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ቃሬዛ ላይ ነው ያረፉት።»

ሽማግሌው ቢያዝን እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«አስፋልት ዳር።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«መኪና ፍለጋ።»

«ለማን?»

ሽማግሌው የእግራቸውን ጭቃ መፈቅፈቅ ጀመሩ።

የሟቹ ሚስት እማማ ንግሥቴ በሩ ላይ ቆመው የነጠላቸውን ጠርዝ ያሻሹ ነበር። ናሁሰናይ «እግዜር ያጥናዎ» ብሏቸው አለፈ።

ቀትር ላይ ሁሉንም ዛፉ ሥር ሰበሰበ።

«ገዳይ የገደለውን ጥሎ ይሸሻል» አለ። «ይሄኛው ግን ዓይን ከደነ፣ ጣት አሰረ። ለምን? እጁ ለምዷላ! ሠላሳ ዓመት የአገሩን ሬሳ የገነዘ ሰው፣ ሬሳ እንዳፈጠጠ ትቶ መሄድ አይሆንለትም። ቁልፍ አለው። ቂምም አለው፤ ሟቹ አምቡላንሷን ሊያስቀሩ ነበር። ጭቃውም የሽሽት ጭቃ ነው። ጋሽ ቢያዝን፣ እርስዎ ነዎት!»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ደንበጫ ያሉት ነጎድጓድ መስሏቸው ያሰጡትን እህል አስገቡ። ቢያዝን ሁለት እጃቸውን ለካቴናው ዘረጉ።

«ልጄ» አሉ እማማ ንግሥቴ ቀስ ብለው። «ጣቱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ከዚህች ከነጠላዬ ፈትል መዝዤ።»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ማንም አልገደለውም። ጎህ ሲቀድ ለእንግዶች ጥላ ልትከል ብሎ ድንኳኑን ከዕቃ ቤቱ ቆጥ ሲያወርድ ምሰሶው ወደቀበት። ነፍሱ ነበረች። ቢያዝን መኪና ፍለጋ ሮጦ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሲደክም ‹ተሳስቻለሁ። ጥሩምባ ከተነፋ እንግዶቹ ለቅሶ ደርሰው ይመለሳሉ፤ መኪናዋን ሳትጠይቁ ሞቴን እንዳታወጡ› ብሎ ሁለታችንንም ገዘተን። ቢያዝን ግዝቱን ጠበቀ። እኔ ግን በግዝት ሰው አላሳስርም።»

ወደ ወይዘሮ እፀገነት ዞሩ። «መኪናዋን እንፈልጋለን። እሱም ብሏል።»

ናሁሰናይ ጉሮሮውን ጠረገ። «ታዲያ እማማ፣ እስካሁን ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ?»